«ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው»፦ የተዘጉ የጉግስ ሜዳዎች ትዝታ በሐይቅና በአምባሰል



አንድ ሰው በምላሱ ብቻ ሲጎብዝ በአማርኛ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው» ይባላል። አባባሉ ተናጋሪውን አይሰድብም፣ አይከራከረውምም፤ ከወሬ ወደ ፈተና ይጠራዋል። ይህ አነጋገር በተፈጠረበት ዘመን ፈረስ በደጅ፣ ሜዳ በአጥቢያ የሚገኝ ነገር ስለ ነበር፣ «ያው» የምትለው ቃል በእርግጥ ጣት የሚቀሰርባት ቃል ነበረች። ዛሬ በሐይቅ ገበያም ሆነ በውጫሌ ሻይ ቤት አባባሉ እንደ ድሮው ሊነገር ይችላል፤ ተናጋሪው ጣቱን ቢቀስር ግን የሚያመለክተው ቦታ የታረሰ ማሳ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ ዲስኩር የሚመረምረው በአባባሉና በቦታው መካከል የተፈጠረውን ክፍተት ነው፤ ይኸውም የገጠር ጉግስ ሜዳዎች በምን ምክንያት እንደ ኖሩ፣ ማንም «ከዛሬ ጀምሮ ተዘግተዋል» ሳይል እንዴት እንደ ተዘጉ፣ ትዝታቸውስ በየት በየት ተቀምጦ እንደሚገኝ ነው። የዲስኩሩ መደምደሚያ አስቀድሞ ቢነገር፣ የመጫወቻ ሜዳን ሜዳ አድርጎ የሚያቆየው የተከበበበት አጥር ሳይሆን ሰዎች የሚገናኙበት ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮው ሲቀር ሜዳው ይዘጋል።

አስቀድሞ ቃላቱን መግለጽ ያስፈልጋል። ጉግስ በሁለት ወገን የተከፈሉ ፈረሰኞች በግልቢያ እየተሳደዱ፣ አሳዳጁ ዘንግ እየወረወረ፣ ተሳዳጁም በጋሻ እየመከተ ወይም በኮርቻው ላይ ጎንበስ ቀና እያለ የሚያመልጥበት የፈረስ ጨዋታ ነው። ዘንግ ጫፉ ብረት የሌለው፣ ቀጥ ብሎ የተመለመለ ቀላል በትር ሲሆን፣ ጋሻ ደግሞ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከሌላ ወፍራም ቆዳ የሚሠራ ክብ መከላከያ ነው። ጉግስ ከተራ እሽቅድምድም የሚለየው አንደኛ የሚወጣውን በፍጥነት ብቻ ስለማይለይ ነው፤ በጉግስ የሚመሰገነው ሰው ፈረሱን በአንድ እጅ እየገራ በሌላው የሚወረውር፣ ሲሸሽም ከኋላው የሚመጣበትን ነቅቶ የሚያይ ፈረሰኛ ነው። ጨዋታው በአመዛኙ ከገና፣ ከጥምቀትና ከሠርግ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በተለይ ጥር 11 ቀን ታቦታት ከጥምቀተ ባሕር ወደየአጥቢያቸው ሲመለሱ ፈረሰኞች አጅበው የሚጫወቱት ጉግስ በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የበዓሉ ማድመቂያ ሆኖ ኖሯል።

አንድ ዙር ጨዋታ ቀርቦ ላየው ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው። ሁለቱ ወገኖች በሜዳው ሁለት ጫፎች ይሰለፋሉ፤ ከአንደኛው ወገን አንድ ወይም ጥቂት ፈረሰኞች ወጥተው ወደ ተጋጣሚዎቻቸው በሶምሶማ ከቀረቡ በኋላ ፊታቸውን አዙረው ሽምጥ ሲጋልቡ፣ ከወዲያኛው ወገን አሳዳጆች ይነሡባቸዋል። የሚሸሸው ሰው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይይዛል፤ ዓይኑን ግን ከኋላው አያነሣም፤ የአሳዳጁ ክንድ ተስቦ ትከሻው ከፍ ሲል ካላየ ዘንጉ መቼ እንደሚለቀቅ ሊያውቅ አይችልምና። ዘንጉ ከተለቀቀ ያለው ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፤ በጋሻው መመከት፣ በፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ማሳለፍ፣ ወይም በኮርቻው አንድ ጎን ተንጠልጥሎ መሰወር። ሜዳው 300 ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ፈረሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ማየት፣ መገመት፣ መመከትና ፈረሱን መምራት ሁሉ የሚፈጸሙት በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ተሳዳጁ ወገኖቹ ዘንድ ሲደርስ ዕጣው ይገለበጣል፤ እስካሁን ሲያሳድድ የነበረው ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል፣ ትኩስ ፈረሰኞችም ከቆሙበት ተነሥተው ያባርሩታል። ስለዚህ በጉግስ ሜዳ ላይ ቋሚ አሸናፊም ቋሚ ተሸናፊም የለም፤ ተመልካቹ ዳኛ ሆኖ በእልልታና በሆታ ይፈርዳል፣ ፍርዱም እስከ መጪው ዓመት በዓል ድረስ ሲወራ ይከርማል።

የፈረሰኛው ዕቃም ስለ ጨዋታው ብዙ ይናገራል። በድሮው የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ልማድ እርካብ፣ ማለትም ከኮርቻ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ እግር የሚያርፍበት ብረት፣ በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው የተሠራ ጠባብ ቀለበት ስለ ነበር፣ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነበር። ሰፊ እርካብ ለጫማ ይመቻል፤ የጣት እርካብ ግን ፈረሰኛው ሲወድቅ እግሩ ተይዞ እንዳይጎተት ይረዳዋል፤ በኮርቻው ጎን ለመንጠልጠል ደግሞ ጠንካራ ጣትና የዘወትር ልምምድ ይጠይቃል። ለበዓል ቀን ፈረሱ ላይ የሚጣለው ያሸበረቀ ልብስ ግላስ ይባላል። ፈረሱ በመልኩም ይጠራል፤ ወደ ቀይ የሚያደላው ቡናማ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፣ ጥቁሩ ጉራች፣ ነጩ አምባላይ ይባላል። አካሄዱም ሶምሶማ፣ ደንገላሳና ግልቢያ እየተባለ በየስሙ ይለያል። አንድ ማኅበረሰብ ለአንድ እንስሳ መልክና አካሄድ ይህን ያህል ቃል ሲያበጅ፣ ያ እንስሳ በየዕለቱ ኑሮው ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደ ነበረው ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከፈረሱና ከፈረሰኛው ቀጥሎ የሚመጣው ሜዳው ነው። ሜዳ በአማርኛ ገላጣና ለጥ ያለ ቦታን ሁሉ የሚያመለክት ሲሆን፣ መስክ ደግሞ በተለይ ሣር የለበሰውን፣ ከብት የሚሰማራበትን ሜዳ ያመለክታል። ለጉግስ የሚመች መስክ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ፣ ማለትም አንድ ሰው ብቻውን የማያርሰው፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት ነው። ይሁንና የወል መስክ ሁሉ ለጉግስ አይሆንም። ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ የፈረስ እግር ይሰበራል። ድንጋይ የሞላበት መሬት ኮቴን ይጎዳል፤ ተዳፋት ደግሞ ለአንደኛው ወገን አድልቶ ጨዋታውን ያበላሻል። ስለዚህ ጥሩ የጉግስ ሜዳ ውኃ የማይቋጥር፣ ሣሩ በከብት ተግጦ ያጠረ፣ ሥሩ ግን አፈሩን አጥብቆ የያዘ፣ ዙሪያውም ተመልካች የሚቀመጥበት ጉብታ ያለው ነው። ጨዋታው በጥር መበርታቱም ከበዓሉ ሌላ ምክንያት አለው፤ በዚያ ወር በአብዛኛው ደጋ የመኸሩ አዝመራ ተሰብስቦ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ገበሬው ከአጨዳና ከውቂያ ዐርፎ ይገኛልና።

እንዲህ ያለ መሬት በሐይቅና በአምባሰል ብርቅ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ወደ 80 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ዙሪያውን ኮረብታዎች ከብበውታል፤ በአቅራቢያውም የአርዲቦ ሐይቅ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲታለፍ የአምባሰል ምድር ይጀምራል፤ ግሸን ማርያም የምትገኝበትን፣ የመስቀል ቅርጽ አለው የሚባለውን አምባ ጨምሮ፣ አገሩ አምባና ገደል፣ ሸንተረርና ቁልቁለት ነው። በዚህ አቀማመጥ ለጥ ያለ መሬት የሁሉም ጥያቄ መዳረሻ ይሆናል፤ ገበሬው ለማረስ፣ እረኛው ለማሰማራት፣ ነጋዴው ለገበያ፣ ሹሙ ለስብሰባ፣ ጦሩም ለሰፈር ይፈልገዋል። ጨዋታ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተጋፍቶ ሳይሆን ተስማምቶ ነበር የኖረው፤ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት ብቻ ተውሶ፣ ቀሪውን ጊዜ ለከብት ለቅቆ። የጉግስ ሜዳ ጥንካሬም ድክመትም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚፈለግ ሁሉም ይፈቅድለታል፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚፈለግም ማንም አይሟገትለትም።

የለጥ መሬት ብርቅነት የፖለቲካ ታሪኩንም ቀርጾታል። በደሴና በሐይቅ መካከል በሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ አካሂደዋል፤ የወሎው መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉትም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነበር። በአምባሰል የሚገኘው ይስማ ንጉሥ ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ ነው። ያ ውል ሲፈርስ፣ ዐፄ ምኒልክ የክተት ጦራቸውን በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የሰበሰቡት በዚሁ በወሎ፣ በወረኢሉ ነው። ጉባኤም፣ ውልም፣ ክተትም ሰውና ከብት በብዛት የሚሰፍሩበት ገላጣ ቦታ ይሻሉ፤ በዓል ሲሆን ፈረስ የሚጋለበው እንዲህ ባሉ ሜዳዎች ነበር።

ጉግስና ጦርነት የተያያዙት በቦታ ብቻ አልነበረም። በዘንግ የሚጫወት ሰው በጦር መወርወርን ይለማመዳል፤ ሲሸሽ ወደ ኋላ ማየትን የተማረ ፈረሰኛ በውጊያ ላይ ማፈግፈግንና መልሶ ማጥቃትን ያውቃል። የወሎ ፈረሰኛ በዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል መሪነት ተሰልፎ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ላይ የፈጸመው ጥቃት የዚህ ሥልጠና ፍሬ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። መኳንንቱም የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። የፈረስ ስም ማለት ጌታው በፈረሱ መጠሪያ ላይ «አባ» ተጨምሮ የሚወደስበት የክብር ስም ሲሆን፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ በ1906 ዓ.ም. በደሴ የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም አባ ጤና ተብለዋል። አምባሰልም ጃንጥራር በሚባል ማዕረግ የሚጠሩ የራሱ ባላባቶች የነበሩት አገር ነው፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነዚህ አንዱ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ፈረስ መሣሪያም፣ ማዕረግም፣ ስምም ነበር።

የሜዳዎቹ መዘጋት የሚጀምረው ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የመጀመሪያው፣ መሣሪያነቱ፣ ሲፈርስ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሲሸነፍ፣ የወሎ ፈረሰኛ ያዘለው የፖለቲካ ክብደትም አብሮ ወደቀ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድቦ መሪው ራሳቸውም ሲሞቱ፣ ከላይ ለሚመጣ ጠላት ወደ ኋላ ማየት እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ጣሊያኖች በደሴ በኩል የሠሩት የአስመራና የአዲስ አበባ አውራ ጎዳና ደግሞ የጭነት መኪናን ወደ ወሎ ልብ አስገባ። መንገዱ በሐይቅና በውጫሌ ስለሚያልፍ፣ ቀድሞ በፈረስና በሰጋር በቅሎ ይታወቅ የነበረው ሩቅ መንገድ በጎማ የሚሄዱበት ሆነ። ሰጋር በቅሎ ማለት ሳይንጥ፣ ለስለስ ባለ ፈጣን እርምጃ የሚሄድ በቅሎ ነው፤ ዛሬ ቃሉ ከእንስሳው ይልቅ በመዝገበ ቃላት የበለጠ ይታወቃል።

ሁለተኛውና ከባዱ ምክንያት መሬት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ በባላባት ጓሮ ገብስ እየበላ ለበዓል ብቻ የሚወጣ የግልቢያ ፈረስ የሚያቆየውን የኢኮኖሚ መሠረት አፈረሰ። ከአዋጁ ትንሽ ቀደም ብሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ሰውንም ከብትንም ሲፈጅ፣ የፈረስ ቀለብ የሚጠይቅ ልማድ ቅንጦት ሆነ። ከዚያ የሕዝብ ብዛት መጣ፤ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 53 ሚሊዮን የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። ለአዲስ ጎጆ ወጪ የሚሰጥ መሬት ሲታጣ መጀመሪያ የሚሸነሸነው የወል ግጦሽ ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የሚሠሩትም ማንም በግሉ «የኔ ነው» በማይለው በዚያው መሬት ላይ ነው። ይህ ሁሉ በክፋት የተደረገ አይደለም፤ የተራበ ሰው ሜዳን ማረሱ፣ ልጅን ማስተማር የሚሻ ቀበሌም በመስክ ላይ ትምህርት ቤት መሥራቱ ትክክል ነው።

ፈረስ ግን ከአገሩ አልጠፋም። ኢትዮጵያ ዛሬም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ተመራማሪዎችም በአገሪቱ ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይተዋል። የተለወጠው ሥራው ነው፤ ጋሪ ይጎትታል፣ ጭነት ይሸከማል፣ በአንዳንድ አገሮችም ያርሳል። የግልቢያ ፈረስ ግን ከጭነት ፈረስ በቀለብም፣ በአያያዝም፣ በአገራርም ይለያል፤ በልጓም ያልተገራ፣ ዘንግ ሲወረወር የማይደነግጥ ሆኖ ያልሠለጠነ ፈረስ ጉግስ አይገባም። ስለዚህ ሜዳውና የግልቢያው ፈረስ የጠፉት ተያይዘው ነው፤ ሜዳ ሲያጥር የሚሠለጥን ፈረስ ያንሳል፣ የሠለጠነ ፈረስ ሲያንስ ደግሞ «ሜዳው ለምን ጦም ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ይበረታል።

የእነዚህን ሜዳዎች መዘጋት ለማጥናት አስቸጋሪ የሚያደርገው ፍርስራሽ የማይተዉ መሆናቸው ነው። ቤተ መንግሥት ሲፈርስ ግንብ ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ መሠረት ይቀራል፤ የጉግስ ሜዳ ግን አንድ ጊዜ በማረሻ ከተገለበጠ ከሌላው ማሳ አይለይም። ይህ ዕጣ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ዓለም ለንጽጽር የሚመቸው የሞቶክሮስ ሜዳ ታሪክ ነው። ሞቶክሮስ በተፈጥሮ መሬት ላይ፣ በጉብታና በጭቃ፣ በሞተር ብስክሌት የሚደረግ እሽቅድምድም ሲሆን፣ አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር በካምበርሌይ ከተደረገ ውድድር ጋር ይያያዛል። በእንግሊዝ የመሬት አጠቃቀም ሕግ አንድን የእርሻ መሬት ያለ ልዩ ፈቃድ በዓመት እስከ 14 ቀናት ለሞተር ውድድር ማዋል ይቻላል የሚል ድንጋጌ ስለ ነበረ፣ ብዙ የገጠር ሜዳዎች ለጥቂት ቀናት የእሽቅድምድም ቦታ፣ ለቀሪው ዓመት የበግና የላም ግጦሽ ሆነው ኖረዋል። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጉግስ ሜዳም በብድር ቀናት የሚኖር ሜዳ ነበርና። ባለቤቱ ሐሳቡን ሲለውጥ፣ ወይም ከተማ ሲቀርብ፣ ሜዳው ያለ ምልክት ይጠፋል። በቤልጅየም በናሙር ኮረብታ ምሽግ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ስመ ጥር የነበረው የሞቶክሮስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋረጠ፤ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው የካርልስባድ ሜዳ በ2004 ተዘግቶ ቦታው የኢንዱስትሪና የንግድ ሕንፃዎች መንደር ሆነ። ልዩነቱ እዚያ ፎቶግራፍ፣ የውድድር መርሐ ግብርና ፊልም መቅረታቸው ነው፤ የሐይቅና የአምባሰል ሜዳዎች መዝገብ ግን በአብዛኛው የሰው አንደበት ነው።

ይህ የአንደበት መዝገብ በሦስት ቦታ ይፈለጋል። የመጀመሪያው የቦታ ስም ነው፤ «ሜዳ»፣ «መስክ»፣ «ጨፌ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው የሰፈርና የቀበሌ ስሞች፣ ቦታው ዛሬ ቤት የሞላበት ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞ ገላጣ እንደ ነበረ ይጠቁማሉ። ጨፌ እርጥበት የማይለየው ለምለም ሣር ያለበት መስክ ማለት ሲሆን፣ ለግጦሽ እንጂ ለግልቢያ ስለማይመች፣ ሁለቱን ስሞች ለይቶ መመዝገብ የትኛው ቦታ ለምን ያገለግል እንደ ነበር ለመገመት ይረዳል። ሁለተኛው ዘፈንና ፉከራ ነው፤ አምባሰል ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ሆኖ የአገሩን ስም የያዘ በመሆኑ፣ በዚያ ቅኝት የሚዜሙ የአካባቢ ግጥሞች ስለ ፈረስ፣ ስለ ፈረሰኛና ስለ ሜዳ ምን እንደሚሉ ተለቅሞ መመርመር ይገባዋል። ሦስተኛው የዕለት ቋንቋ ነው፤ «ልጓም አጣ»፣ «ሽምጥ ጋለበ»፣ «እርካብ ረገጠ» የሚሉ አነጋገሮች ፈረስ ነክቶ በማያውቅ ወጣት አፍ ሳይቀር ይኖራሉ። ቋንቋ ከባለቤቶቹ ኑሮ ዘግይቶ ይለወጣል፤ ስለዚህ የተዘጋ ሜዳ መጨረሻ የሚዘጋው በንግግር ውስጥ ነው።

ትዝታ ግን የሚታመነው ሲመረመር ብቻ ነው። የጉግስ ዘመን ሲወሳ በዓሉ፣ ግላሱና እልልታው ይቀድማሉ፤ ጨዋታው ዓይን የሚያጠፋ፣ ክንድ የሚሰብር እንደ ነበር፣ ጥሩ ፈረስ ማቆየትም አቅም ላለው ሰው የተተወ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሴቶች በአመዛኙ የሜዳው ተመልካችና አድማቂ እንጂ ፈረሰኛ አልነበሩም። የወሎ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በሠርግና በለቅሶ ተቀላቅለው የሚኖሩ በመሆናቸው የሜዳው ታሪክ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ተደርጎ ሊጻፍ አይገባውም፤ ከጥምቀት ሌላ የሠርግ ግልቢያም ሊጠየቅና ሊመዘገብ ይገባል። ሽማግሌን የሚጠይቅ ተመራማሪ «ጉግስ እንዴት ያምር ነበር?» ብሎ ቢጀምር የሚያገኘው ውዳሴ ነው፤ «ፈረሱ የማን ነበር፣ ገብሱን ማን ይሰጥ ነበር፣ ሜዳው መጀመሪያ የታረሰው በስንተኛው ዓመት ነው፣ ማንስ አረሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ታሪክ ያገኛል።

ሜዳ በቀጠሮ እንደሚጠበቅ የሚያሳዩ ሁለት ሕያው ማስረጃዎች በአገሪቱ አሉ። አንደኛው በአዊ የሚገኘው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዐድዋ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን እያሰበ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ አባላቱ መካከል የተውጣጡ ፈረሰኞችን አሰልፎ በዓሉን ያከብራል። በአዊም መሬት ጠቧል፣ መኪናም ገብቷል፤ ፈረሱን ያቆየው በቀን የተቆረጠ ዓመታዊ ቀጠሮና አባል የሚቆጣጠር ማኅበር መኖሩ ነው። ሁለተኛው የአዲስ አበባው ጃን ሜዳ ነው፤ የፈረስ እሽቅድምድም፣ የሩጫ ውድድርና የጥምቀት በዓል የሚካሄድበት ይህ ሰፊ ቦታ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለአትክልት ገበያ ተሰጥቶ ነበር። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ጸድቶ ለበዓሉ ደረሰ። ገበያውን ከዚያ ያስነሣው የማይቀረው የጥር 11 ቀጠሮ ነበር።

ቦታ በሥርዓት እንደሚቆይ ለሐይቅ ሰው የሚያረጋግጥ ምስክር በደጁ አለ። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም ጋር የተሳሰረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሐይቁ ውስጥ በሚገባው የመሬት ልሳን ላይ የቆየው፣ ማን ይገባል፣ ማን አይገባም፣ ምን ይቆረጣል፣ ምን አይቆረጥም የሚል ሥርዓት ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፍ በመኖሩ ነው። ቅዱስ ቦታ ጠባቂ ሥርዓት አለው፤ የሕዝብ መጫወቻ ሜዳ ግን ጠባቂ ስላልነበረው ተበላ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነትም ልማዱን ብቻ ሳይሆን ልማዱ የሚፈጸምባቸውን ባህላዊ ቦታዎች ጭምር በቅርስነት ትርጉሙ ውስጥ ያስገባል። በዚህ መሠረት የጥምቀት ጉግስ የሚካሄድበት ሜዳ እንደ ማንኛውም ባዶ መሬት የሚታይ አይደለም፤ የተመዘገበው ቅርስ አካል ነው ሊባል ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ዲስኩር የሚከተለው ጥያቄ የፈረሰውን ሁሉ መልሶ መገንባት አይደለም፤ የታረሰ ማሳ ከገበሬው ተነጥቆ ሜዳ ይሁን የሚል ሰው አይኖርም፣ ሊኖርም አይገባም። የሚቻለው ግን ሦስት ነገር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች በተሁለደሬና በአምባሰል ቀበሌዎች ተዘዋውረው ጉግስ የተጫወቱ ወይም ያዩ አረጋውያንን ድምፅ ይቅረጹ፤ በሚነገረው ስም ሁሉ ቦታው ዛሬ ምን እንደ ሆነ በካርታ ላይ ያስፍሩ። የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶች እስካሁን ያልታረሰና ያልተሠራበት አንድ አንድ ሜዳ መርጠው በጽሑፍ፣ በወሰንና በስም ያስመዝግቡ። ሕዝቡ ደግሞ ለዚያ ሜዳ በዓመት አንድ የማይታጠፍ ቀን ይቁረጥ፤ ፈረስ ቢገኝ በፈረስ፣ ባይገኝ በእግር ሩጫ፣ ቀጠሮው ብቻ እንዳይቀር። ቀኑ ከተቆረጠና ሜዳው ስም ካገኘ ፈረስ ሊመጣ ይችላል፤ ሜዳው ከታረሰ በኋላ የሚመጣ ፈረስ ግን መቆሚያ የለውም። ከሁሉ አስቀድሞ መቅረጹ ይጀመር፤ የመጨረሻዎቹን ግልቢያዎች ያዩ ሰዎች አርጅተዋል።